ዋጋ የተቆረጠለት ሐኪም

ሬንዳል፣ ሰሜን ዳኮታ
ሴፕቴምበር 16 ቀን 1984

ለተከበሩ አክስቴ ራንዲ፣

የእናቴን አገርና የእናቴን ታናሽ እህት እስከዛሬ የጠበቀልኝ አምላክ ይመስገን። ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? አጎቴ ላርስ ካረፉ ወዲህ ቤቱ እንዳይከብድዎ ሁልጊዜ አስባለሁ። እኔ ከድካም በቀር ደህና ነኝ።

እዚህ የስንዴው አጨዳ አልቋል። ምርቱ ክፉ አልነበረም፣ ዋጋው ግን ገበሬውን አዋርዶታል። አንዳንዱ የአያቱን እርሻ ለባንክ አስረክቦ፣ ዕቃውን በጭነት መኪና ጭኖ፣ ወዴት እንደሚሄድ ሳይናገር ይወጣል።

በደብዳቤዎ «እህቴ ኦስታ ‹ሃልቮር ከመንግሥት ጋር ተጣልቷል› ትለኛለች፣ እውነት ነው?» ብለው ጠይቀውኛል። እውነት ነው። እዚህ አገር ስልሳ አምስት ዓመት የሞላው ሰው ሲታከም መንግሥት ይከፍልለታል፤ ሜዲኬር ይሉታል። ሕጉ ሲወጣ ገና ወጣት ሐኪም ነበርኩ፤ ብዙ ጓደኞቼ ሲቃወሙ እኔ ደግፌ ነበር። ዘንድሮ በበጋው ግን ዋሽንግተን ያሉት ሰዎች የሐኪም ዋጋ ካለበት ንቅንቅ እንዳይል አገዱ። ካለበት ማለት፣ እያንዳንዱ ሐኪም ቀድሞ ሲያስከፍል ከነበረበት ማለት ነው። እኔ ደግሞ ገበሬው ሲከስር እያየሁ ለዓመታት ዋጋ አልጨመርኩም። ለአንዳንዱማ ግማሹን ብቻ ነበር የማስከፍለው። አሁን ያ ርኅራኄዬ ዋጋዬ ሆኖ ተቆረጠ። ፋርጎ ከተማ ያለው ሐኪም ያንኑ ቁስል በዚያው ክር ሲሰፋ የእኔን እጥፍ ያህል ይቀበላል። የእኔን ዋጋ አገዱ እንጂ የማሞቂያዬን ነዳጅ ዋጋ አላገዱልኝም፤ የነርሴን የቬርናን የቤት ኪራይም አላገዱላትም።

ከኦክቶበር በፊት ምረጥ ተብያለሁ። የሜዲኬርን ውል ከፈረምኩ የሰጡኝን ተቀብዬ ዝም ማለት ነው። ካልፈረምኩ ሽማግሌው ራሱ ክሊኒኬ ከፍሎ፣ የመንግሥትን ድርሻ ራሱ ጽፎ ያስመልሳል። እኔ አልፈርምም።

ቅዳሜ ማታ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት እራት ነበር። ፓስተሩ ስለዚህ ነገር ሁለት ቃል ተናገር አለኝ። ሁለት ቃል ብዬ ተነሥቼ ብዙ ተናገርኩ። ሴቨሪን ሞን የሚባል አሮጌ ገበሬ አለ፤ አፉ አያርፍም።

«ዶክተር፣ እንዲያው ቁርጡን ንገረን፤ እኛን ስታክም ታተርፋለህ ወይስ ትከስራለህ?» አለኝ።

«በክሊኒኬ በር የሚገባ ሽበታም ሁሉ ኪሳራዬ ነው!» አልኩት።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሴቨሪን ባርኔጣውን አጥልቆ ሽበቱን ሸፈነ። አክስቴ ኦስታም ከጥግ ተቀምጠው ሳቁ። ሰው እየሳቀም ቢሆን ነገሩን ስለተረዳልኝ ደስ ብሎኝ ገባሁ።

ሰላምና ጤና ከቤትዎ አይጥፋ።

የእህትዎ ልጅ ሃልቮር


ሉስተር፣ ኖርዌይ
ኦክቶበር 7 ቀን 1984

ለምወድህ ልጄ ለሃልቮር፣

ከፊዮርዱ፣ ከባሕር ሰርጣችን ማዶና ከውቅያኖሱ ማዶ ሰላምታዬ ይድረስህ። ሐኪምን የሚያክመው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ እግዚአብሔር ራሱ እጁን ይዘርጋልህ። እኔ ደህና ነኝ። ፖሙን ለቅመን ጨርሰናል። ጉልበቴ ዳገቱን እየሰደበ ይወጣል እንጂ አልቆመም።

ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ልጄ፣ አትቆጣኝ፤ ነገሩ ብዙም አልገባኝም። ላርስ ሆዱን ሲታመም በርገን ድረስ በጀልባ ወሰዱት፣ ቀደዱት፣ ሰፉት፣ መለሱት። ሲያቅተው ደግሞ ነርሷ ቤታችን ድረስ እየመጣች ታጥበው ነበር። አንድም ሰው እጁን ዘርግቶ «ክፈሉ» አላለኝም። መንግሥት ነው የከፈለው። ባይሆንማ ኖሮ የላርስን ሞት ብቻ ሳይሆን የጀልባችንንም ሽያጭ አብሬ አለቅስ ነበር። እኛም ዘንድ ሐኪሙ ያጉረመርማል፤ ግን ምሳውን በልቶ ነው የሚያጉረመርመው። ከመንግሥት ቢቀበል የሐኪም ክብር ምኑ ይጎድላል?

ደግሞ ያ ያልከው ቀልድ ደስ አላለኝም። እኔም ሽበታም ነኝ።

ኦስታ መቼም የምትጽፍልኝ በቁጥቁጥ ነው። ስለ ዶሮዎቿና ስለ ነፋሱ ትጽፋለች። ባለፈው ጊዜ የቤተ ክርስቲያኑን ደረጃ ስትወጣ ሁለቴ እያረፈች እንደሆነ ጽፋልኛለች። ደረቷን ጨምድዶ ይይዛታል መሰለኝ። አንተ እያየሃት ስለሆነ አልሰጋም፤ ግን ምን እንዳልካት ጻፍልኝ። ፎቶዋንም ላክልኝ፣ ፊቷን ከረሳሁት ቆየሁ።

የዘለዓለም ጌታ መንገድህን ያብራልህ።

አክስትህ ራንዲ


ሬንዳል
ኖቬምበር 18 ቀን 1984

ለተከበሩ አክስቴ ራንዲ፣

የዚህ አገር ብርድ ሳይደርስብዎ በሙቀት ያክርምዎ። መልስ በማዘግየቴ ይቅርታ ይደረግልኝ። ቅዳሜና እሑድ ሩቅ ከተማ እየነዳሁ በአንድ ሆስፒታል የድንገተኛ ክፍል ተራ እሠራለሁ። ክሊኒኬን የሚያኖረው አሁን ያ ሥራ ነው። በሌላው ሰው በር አድሬ የራሴን በር እከፍታለሁ።

ስለ ላርስ የጻፉልኝ ልቤን ነክቶታል። ግን አክስቴ፣ ሁለቱ ነገር አንድ አይደለም። የእናንተ መንግሥት ለሐኪሙ ቤት ሰጥቶታል፣ ነርሷን ራሱ ይቀጥራል፣ ማሞቂያውን ራሱ ይሞላል። ለእኔ ደሞዝ ቢሰጡኝ ባልተናገርኩ! ደሞዝ አልሰጡኝም፤ ዋጋ ብቻ ነው የቆረጡልኝ። ጣሪያው የእኔ፣ መብራቱ የእኔ፣ ቬርና የእኔ፣ ዕዳውም የእኔ፤ ዋጋው ግን የእነሱ። የላሜን መኖ እኔ እየገዛሁ የወተቷን ዋጋ ጎረቤቴ ቢተምንልኝ ምን ይሉ ነበር?

ደግሞ ሌላም አለ። አንዲት የስኳር በሽተኛ እግሯ ቆስሎ ስትመጣ፣ እግሯን አይቶ ለማሰር ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ልጇ ሞቶባት መብላት መተዋን ለማወቅ ግን አብሯት መቀመጥ ያስፈልጋል። ለመቀመጥ ዋጋ የለውም። ዋሽንግተን ያለው ሰውዬ በሚቆርጥልኝ ዋጋ፣ ማሰር እንጂ መቀመጥ አልችልም። እኔ የምጮኸው ለገንዘቡ ብቻ እንዳይመስልዎት።

በዲሴምበር በክፍለ ግዛቱ ዋና ከተማ በቢስማርክ የክፍለ ግዛቱ ሐኪሞች እንሰበሰባለን። ስለ ገጠር ሐኪሞች እንድናገር ተመርጫለሁ። ንግግሬን እየጻፍኩ ነው።

አልፈረምኩም። ክሊኒኩ በር ላይ «ከኦክቶበር 1 ጀምሮ ሁሉም ታካሚ ሒሳቡን ለቬርና ይክፈል» የሚል ማስታወቂያ ለጥፌአለሁ። ሰዉ ለምዶታል፤ ወረፋውም ቀለል ብሏል። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ትንፋሽ አግኝቻለሁ።

ለመልካም ዘመን ያብቃዎ።

ሃልቮር


ሉስተር
ዲሴምበር 9 ቀን 1984

ለልጄ ለሃልቮር፣

የልደቱ ብርሃን ከጨለማው ወር ያውጣህ። እዚህ ፀሐይ ተራራውን መሻገር ትታለች፤ እስከ ፌብሯሪ አናያትም። ለምደነዋል።

ስለ ላሚቱ የጻፍከው ገብቶኛል። እውነትህን ነው፤ መኖውን የሚገዛ ነው ዋጋውን የሚያውቅ። ተከራክሬ ነበር፣ ተሸነፍኩ። ይኸው።

አንድ ነገር ግን ሳትመልስልኝ ቀረህ። ስለ ኦስታ ጠይቄህ ነበር። ምናልባት ሐኪም የታማሚውን ነገር ለሰው አይናገርም ብለህ ይሆናል፤ እኔ ግን ባዕድ አይደለሁም፣ እህቷ ነኝ። ዛሬ የደረሰኝ ደብዳቤዋ ከወትሮው ያጠረ ነው። «ዶሮዎቹን ለቪዮላ ሰጠኋቸው» ትላለች። ኦስታ ዶሮ የምትሰጥ ሰው አይደለችም። እናታችን ሞታ በተቀበረች ቀን እንኳ ዶሮ ሳታስገባ አልመጣችም። ቪዮላ ማን ናት? ጎረቤቷ ናት?

ሌላም ልለምንህ። የፖሙ ገንዘብ ዘንድሮ ተርፎኛል። በሜይ ዛፎቹ ሲያብቡ ኦስታ እንድትመጣ የአውሮፕላኑን ልክፈልላት። ለመብረር ጤናዋ ይፈቅድ እንደሆነ አንተ ንገረኝ። ካገሯ ከወጣች አርባ ስምንት ዓመቷ ነው። አንድ በጋ ብቻ አብረን ብንቀመጥ ይበቃኛል።

ንግግርህ ይቅናልህ። አፍህን ያጣፍጥልህ።

አክስትህ ራንዲ


ሬንዳል
ጃንዋሪ 20 ቀን 1985

ለተከበሩ አክስቴ ራንዲ፣

አዲሱ ዓመት የደስታ ይሁንልዎ። ደብዳቤዎ ከበዓል ፖስታ ጋር ተጎትቶ ደረሰኝ፣ እኔም ጎትቼ ነው የምመልሰው።

ቢስማርክ ላይ ጥሩ ሆነ። ስለ ሬንዳል ተናገርኩ፤ በደግነቱ የተቀጣ ሐኪም ስል ቆመው አጨበጨቡ። አንድ ሽማግሌ ሐኪም እጄን ጨብጦ አልቅሷል። አቤቱታ ላይ ስማችንን ፈርመን ወደ ዋሽንግተን ልከናል። መልስ ይመጣል ብዬ ግን ተስፋ አላደርግም።

አክስቴ ኦስታን በተመለከተ፣ እንደሚመስለኝ ደህና ናቸው። ከመኸር ወዲህ ክሊኒክ አልመጡም፤ አሞአቸው ቢሆን ይመጡ ነበር። ባለቤቴ ከሞተች ወዲህ እሑድ እሑድ ምሳ የምበላው እሳቸው ዘንድ ነበር፤ አሁን እሑድን ሌላ ከተማ ስለማሳልፍ ተለያይተናል። በስልክ ግን እንገናኛለን። «አንተ ሥራህን ሥራ፣ እኔ የትም አልሄድም» ይሉኛል። ዶሮ መስጠታቸውን አልሰማሁም። ቪዮላ አጥራቸው ሥር የምትኖር ደግ ሴት ናት። ስለ ደረታቸው የጻፉልኝን አሁን ነው በደንብ ያስተዋልኩት። በዚህ ሳምንት ሄጄ አያቸዋለሁ፤ በረዶው መንገዱን ዘግቶታል እንጂ ዛሬውኑ በሄድኩ ነበር። የሜዩን ጉዞም ያኔ አማክራቸዋለሁ። ደስ የሚላቸው ይመስለኛል።

ሃልቮር


ሬንዳል
ፌብሯሪ 3 ቀን 1985

አክስቴ ራንዲ፣

ቴሌግራሙ ደርሶዎታል። እንዴት ብዬ ሰላምታ እንደምሰጥ አላውቅም። እግዚአብሔር ያጽናዎ።

ሐሙስ ጠዋት ቪዮላ ወተት ይዛ ስትገባ አክስቴ ኦስታን ወጥ ቤት ወንበር ላይ አገኘቻቸው። ካፖርታቸውን ለብሰው ነበር፣ አንዱን ጫማ አድርገው አንዱን በእጃቸው ይዘው ነበር። ደወለችልኝ፤ ሮጬ ሄድኩ። የሚደረግ ነገር አልነበረም። ልባቸው ነው። ሌሊት ላይ ሳይሆን ንጋት ላይ እንደሆነ ይመስለኛል፤ ምድጃው ገና ይሞቅ ነበር። ያረፉት፣ ሄጄ አያቸዋለሁ ያልኩት ሳምንት አልፎ በሁለተኛው ነው። አልሄድኩም ነበር። አንድ ቀን በረዶ፣ አንድ ቀን ወሊድ፣ አንድ ቀን ደክሞኝ ተኛሁ።

የሆነውን ልንገርዎ፤ ከእኔ ካልሰሙት ከማንም አይስሙት።

አስከሬናቸውን ካነሱ በኋላ ከቪዮላ ጋር ቆምን። ታለቅሳለች፤ ደግሞም ተቆጥታኛለች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ደረታቸውን ያማቸው የነበረው?» አልኳት።

«ከበጋው ጀምሮ! አታውቅም እንዴ?»

«ለምን አልመጡም?»

ቪዮላ ዓይኗን ጠረገች። «ሃልቮር፣ አንተ ራስህ እኮ ነህ ያልከው። በዚያ በእራቱ። ነይ ክሊኒክ ልውሰድሽ ስላት ‹ያ ልጅ እኛን በማከም ቤቱ እየፈረሰ ነው፤ እኔ ብሄድ ገንዘቤን አይቀበለኝም፣ በነፃ ያክመኛል። በኪሳራው ላይ እኔ አክስቱ ልጨምርበት?› አለችኝ። አፌን አሲዛኛለች። ‹ለሱ ከነገርሽው አላናግርሽም› ብላኛለች። ምን ላድርግ?»

ክሊኒክ ተመልሼ ቬርናን ጠየቅኋት።

«አንድ ቀን መጥተው ነበር» አለችኝ። «በኦክቶበር። ገብተው ማስታወቂያውን ቆመው አነበቡ። ከዚያ ተቀመጡ። ስማቸውን ልጽፍ ስል ‹ተይ የኔ ልጅ፣ ለመሞቅ ነው የገባሁት› አሉኝ። ትንሽ ቆይተው ወጡ። ነፋስ ነበረና አመንኳቸው።»

እኔ ከግድግዳው ወዲያ ነበርኩ። በሩ ክፍት ቢሆን ድምፃቸውን እሰማ ነበር።

ማክሰኞ እንቀብራቸዋለን። መሬቱ ስለ ቀዘቀዘ በማሽን ነው የሚቆፍሩት። ሌላ የምጽፈው የለኝም። ሊሉኝ የሚፈልጉትን ሁሉ ይበሉኝ።

ሃልቮር


ሉስተር
ሜይ 26 ቀን 1985

ሃልቮር፣

ሰላምታ ጽፌ ሦስት ጊዜ ሰረዝኩት። ያለ ሰላምታ ይሂድ።

በማርች ጽፌልህ ነበር፣ አልላኩትም። ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። በዚያ ወረቀት ላይ የነበረው ለእህቴ ልጅ የሚላክ ቃል አልነበረም። አሁን ዛፎቹ አብበዋል። ለእሷ ያነጠፍኩት አልጋ እንደ ተነጠፈ ነው፤ ማንሳት አልቻልኩም።

ጠየቅኩህ። አንድ ጊዜ ጠየቅኩህ፣ ስለ ላም ጻፍክልኝ። ደግሜ ጠየቅኩህ፣ ስላጨበጨቡልህ ጻፍክልኝ። እኔ ያልተማርኩ ሴት ነኝ፤ ግን ደረጃ ላይ ሁለቴ የምታርፍ አሮጊት ምን እንደሆነች ሐኪም ሳልሆን አውቃለሁ። አንተ ምን ሆነህ አላወቅህም? ስለ መቀመጥ ጽፈህልኝ ነበር፤ መቀመጥ ዋጋ የለውም ብለህ። የእናትህ እህት ዘንድ ለመቀመጥ ከማን ዋጋ ትጠብቅ ነበር?

ይኸን ብዬ ወጣልኝ።

አሁን ደግሞ ሌላውን ስማ። ዶሮዎቹን መስጠቷን ባነበብኩ ቀን ስልክ ልደውል ብዬ ፖስታ ቤት ድረስ ወርጄ ነበር። ኡና፣ የፖስታ ቤቷ ልጅ፣ ወደ አሜሪካ የደቂቃውን ሒሳብ ነገረችኝ። ውድ ነው ብዬ ቴምብር ገዝቼ ተመለስኩ። ለአውሮፕላን ያጠራቀምኩት ገንዘብ ኪሴ ውስጥ ነበር። ይኸን ለማንም አልተናገርኩም፣ ለአንተ ብቻ ነው። አንተን እንዳልፈርድብህ አይደለም። ፈርጄብሃለሁ። ግን ብቻህን እንዳትቆም ነው።

የመንግሥታችሁም ነገር፣ ያንተም ነገር፣ ኦስታም ያለችው፣ ሁላችሁም ትክክል ነበራችሁ መሰለኝ። እሷ ግን መሬት ውስጥ ናት።

አንድ ነገር ጠይቄ ልጨርስ። ከእንግዲህ ፎቶ አልፈልግም። ሌሎቹስ? በዚያች ከተማ ያለችው ሽበታም ኦስታ ብቻ ናት? ወረፋው ቀለል አለ ብለህ ጽፈህልኝ ነበር። እነዚያ ሁሉ የት ሄዱ? ዳኑ?

ራንዲ


ሬንዳል
ኦክቶበር 13 ቀን 1985

ለተከበሩ አክስቴ ራንዲ፣

ቁጣዎም ምክርዎም ደርሶኛል፤ ስለ ሁለቱም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከሜይ እስከዛሬ ዝም ያልኩት ኩርፊያ ይዞኝ አይደለም። የመጨረሻውን ጥያቄዎን በቃል መመለስ ስላልቻልኩ ነው።

መጀመሪያ ዜናውን ልንገርዎ። መንግሥት እገዳውን ሊያነሳ ሲጠበቅ መልሶ አራዘመው። እንደገና ምረጥ ተባልኩ። ዘንድሮ ፈረምኩ። ትክክል ስለሆኑ አይደለም፤ ዋጋው ያው የበደል ዋጋ ነው፣ ፋርጎ ያለውም ሐኪም ያው እጥፌን ይቀበላል። በበጋው አንድ የምክር ቤት ሰው መጥቶ አዳራሽ ውስጥ ሲሰበስበን ይኸንኑ ነገርኩት። ከዚያ አክስቴ ኦስታን ነገርኩት። ግራ ገባው።

«ዶክተር፣ ይቅርታ አድርግልኝና፣ አሁን አንተ ከኛ ጋር ነህ ወይስ ተቃዋሚ?» አለኝ።

«የሆነውን ልነግርህ ነው የመጣሁት» አልኩት። አመስግኖ ወደሚቀጥለው ሰው ዞረ።

ቬርና አሁን የምትሠራው ግማሽ ቀን ነው፤ ራሷ ናት የጠየቀችኝ፣ እኔ ልላት አልደፈርኩም ነበር። የከተማውን ሆስፒታል ተራ አልተውኩም። በዚህ ዓይነት ጥቂት ዓመት እዘልቅ ይሆናል፤ ከዚያ ሬንዳል ሐኪም አይኖራትም። እኔን የሚተካ ወጣት ፈልጌ ነበር። አንዱ መጥቶ ክሊኒኩን አየ፣ ዋጋውን ጠየቀ፣ ሳቅ ብሎ መኪናውን አስነሳ። አልፈረድኩበትም።

የቀሩት የት ሄዱ ብለውኛል። ቬርና አስታወሰችልኝ፤ መምጣት ያቆሙት ዘንድ አንድ በአንድ በየቤታቸው ሄድኩ። ከሰዓት በኋላ፣ ሥራ ሳበቃ። አንዲቱ ዓይኗ ጠፍቶ ነበር፤ በጊዜ ብትመጣ ይተርፍ ነበር። አንዱ ሚኒሶታ ልጁ ዘንድ ሄዷል። ሁለቱ አርፈዋል፣ በዕድሜ ይሁን በሌላ አላውቅም። ብዙዎቹ ግን በራቸውን ከፈቱልኝ፤ በደግነታቸው አሳፈሩኝ።

ሴቨሪን ሞን ዘንድ የሄድኩት ባለፈው ረቡዕ ነው። ያ ባርኔጣውን አጥልቆ ያሳቀን ሰው። ልጁ እርሻውን ከተቀማ ወዲህ ከተማ ጠርዝ በአንዲት ተጎታች ቤት ብቻውን ይኖራል። በሩን ገርበብ አድርጎ ቦርሳዬን አየ።

«ሐኪም ሆነህ ነው ወይስ እንግዳ ሆነህ የመጣኸው?»

«እንግዳ ሆኜ።»

«እንግዲያው ቦርሳውን መኪናህ ውስጥ አስቀምጥና ግባ።»

አስቀምጬ ገባሁ። የድንች ቂጣ በቅቤ ቀባልኝ። ስለ ስንዴው አወራን፣ ስለ ባንኩ ተራገመ። እየሳለ ነበር። ቁርጭምጭሚቱ አብጦ የጫማው ማሰሪያ ተፈቷል። አልጠየቅኩትም፤ ቂጣዬን በላሁ። ኋላ ራሱ ጀመረው።

«ተነጋግረን ነበር እኮ» አለኝ፣ ወደ መስኮቱ እያየ።

«ምኑን?»

«ከእራቱ በኋላ በሚቀጥለው እሑድ፣ ከጸሎት ስንወጣ ደረጃው ላይ ቆምን። እኛ ሽማግሌዎቹ። ኦስታ ናት የጀመረችው። ‹ይህ ልጅ ከሄደብን የልጅ ልጆቻችን በማን እጅ ይወለዳሉ? የቻለ ሕመሙን ይቻለው። ትንሿን ነገር ይዘን ደጁን አንርገጥ› አለች። ሁላችንም እሺ አልን። እኔም እሺ አልኩ። ማሳቅ ከኔ ነበር የመጣው፣ በጣም ነው ያፈርኩት።» ሳል ያዘው፣ ጠረጴዛውን ጨብጦ ቆየ። «አንተን ለማስቀረት ነበር እኮ፣ ዶክተር። አንተን ለማስቀረት።»

እኔ ወረፋው ቀለለ ብዬ ትንፋሽ ያገኘሁ ጊዜ፣ እነሱ ተማክረው ትንፋሻቸውን እየያዙልኝ ነበር።

ወጥቼ ቦርሳውን አመጣሁ። ሴቨሪን አየኝ፣ አልከለከለኝም። የሸሚዙን ቁልፍ መፍታት ሲያቅተው ረዳሁት። የማዳመጫው ብረት መኪና ውስጥ ቀዝቅዞ ስለነበር በመዳፌ ጨብጬ አሞቅሁት።

«ስንት ነው ግን?» አለኝ ጀርባውን እያዞረ። «አሁን ንገረኝ፣ ኋላ እንዳንነታረክ።»

«መጀመሪያ ይተንፍሱ» አልኩት።

ተነፈሰ።

የእህትዎ ልጅ ሃልቮር